የይፋጉ አለቃ ታዬና የመምህር ዕዳ

ተማሪ የቱን ያህል ብሩህ አእምሮ ቢኖረው፥ የሚያርመው፥ የሚያበረታታውና ሥራውን እስከ ዳር የሚከታተልለት መምህር ካላገኘ ድካሙ መንገድ ላይ ይቀራል። ይህ ጉዳይ በየከፍተኛ ትምህርት ቤቱ የመመረቂያ ጽሑፍ በምናዘጋጅ ተማሪዎች ዘንድ ዋና መነጋገሪያ ሆኗል። የተማሪዎች ማኅበራችንም ስለ አማካሪና ስለ ተማሪ ግንኙነት በዚህች መጽሔት አንድ ነገር እንዲጻፍ ስለ ፈለገ፥ እኛም ነገሩን አሰብንበት። ደንብና መመሪያ ከመደርደር ይልቅ ግን የአንድ የአገራችን ሊቅ የሕይወት ታሪክ ቢነገር የበለጠ ያስተምራል ብለን፥ የአለቃ ታዬ ገብረ ማርያምን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወሰንን።

አለቃ ታዬን የመረጥንባቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፥ የዚሁ የደቡብ ጎንደር ምድር ተወላጅ መሆናቸው ነው። ሁለተኛውና ዋናው፥ ተማሪም፥ አስተማሪም፥ ታሪክ መርማሪም ሆነው የኖሩ፥ የመምህርን ጥቅምና የመምህርን እጦት በአንድ ዕድሜ ያዩ ሰው መሆናቸው ነው። ሕይወታቸውን ለሚመረምር ሁሉ፥ ሥራ ከፍሬ የሚደርሰው በምን እንደ ሆነ፥ መክኖ የሚቀረውም በምን እንደ ሆነ ግልጥ ሆኖ ይታያል።

አለቃ ታዬ በ1853 ዓ.ም. በበጌምድር፥ ይፋግ በተባለችው ስፍራ ተወለዱ። ይፋግ ዛሬ በሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኝ ስትሆን፥ በዚያ ዘመን ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ስመ ጥር የገበያ ከተማ ነበረች። ከጉና ተራራ የሚወርደው የርብ ወንዝም በዚያው በኩል አልፎ የፎገራን ሜዳ እያጠጣ ወደ ጣና ይገባል። አሞሌ የጫነውም ቡና የጫነውም ነጋዴ በይፋግ ገበያ ይገናኝ ስለ ነበር፥ የዚያች ከተማ ልጅ ከደጁ ሳይርቅ የሩቅ አገር ወሬ ይሰማ ነበር።

ጊዜው የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት ነበር። ንጉሡ ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት በደብረ ታቦር ሲሆን፥ ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ በሚገኘው በጋፋት የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መሣሪያ ያሠሩ ነበር። የጋፋት ሥራ ለያዝነው ነገር አንድ ትምህርት ስለሚሰጥ ጥቂት ብናቆምበት አይከፋም። ባለሙያዎቹ መድፍ ማቅለጥ እንደማያውቁ ቢናገሩም ንጉሡ አልተቀበሏቸውም። ምድጃው በመጀመሪያ እሳቱን መቋቋም አቅቶት ፈረሰ፤ እንደ ገና ተሠራ፤ እንደ ገናም ተሞከረ። በመጨረሻው ትንንሹ መድፍ ተሳካ፤ ከዚያም በ1859 ዓ.ም. ወደ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተቀርጾ ወጣ። ያ ታላቅ መድፍ በብዙ መቶ ሰው ጉልበት እየተጎተተ፥ በየገደሉ መንገድ እየተቀደደለት፥ ወራት ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ።

ነገር ግን ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በመቅደላ ሲሞቱ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ የጋፋትም ምድጃ ጠፋ። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለ፤ እርሱን የሠራው ጥበብ ግን ወራሽ አላገኘም። በቁጣና በትእዛዝ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ጋፋት ያሳያል። ከአሠሪው ጋራ አብሮ የሚሞት ሥራ ግን ትምህርት ሊባል እንደማይችል ደግሞ ያው ጋፋት ይመሰክራል። ታዬ በዚያ ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ የዚህን ዓይነት ነገር ወደ ፊት በገዛ ሥራቸው ላይ እንደሚያዩት የሚያውቅ አልነበረም።

ታዬ ወላጆቻቸውን በልጅነታቸው ስላጡ፥ ወደ ቀይ ባሕር ዳር ወርደው በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ባለው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከበጌምድር ደጋ ተነሥቶ እስከ ምጽዋ ቆላ መውረድ ለትልቅ ሰው እንኳ ከባድ ነው፤ ለአንድ ሙት ልጅ ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ይገምተው። በምንኩሉ የዘመኑን ትምህርት ቀሰሙ፤ መጽሐፍ በእጅ ከመገልበጥ አልፎ በማተሚያ መሣሪያ እንዴት እንደሚባዛም በዓይናቸው አዩ። ይህ የኋለኛው ነገር በሕይወታቸው ሁሉ ሲከተላቸው ኖሯል።

ይሁን እንጂ ታዬ በሚሲዮን ትምህርት ብቻ አልረኩም። የአገርን ቋንቋና ታሪክ ጠንቅቆ ለማወቅ የአገር ሊቃውንት ደጅ መጥናት እንደሚያስፈልግ ስለ ተረዱ፥ ወደ በጌምድር ተመልሰው፥ ወደ ጎጃምም ተሻግረው ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማሩ። እዚህ ላይ የቅኔ ቤትን ሥርዓት ማስታወስ ይገባናል፤ ምክንያቱም ዛሬ የተማሪን ምርምር መምራት የምንለውን ነገር ቅኔ ቤቶቻችን ስም ሳያወጡለት በብዙ መቶ ዓመታት ሲሠሩበት ኖረዋልና።

የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፥ ወደ ሚበዝኁ፥ ወደ ዋዜማ እያለ እስከ መወድስ ይወጣል። ቀን ቀን ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል። ሰሙና ወርቁ አልገጠመ እንደ ሆነ፥ ግሡ ያለ ቦታው ገብቶ እንደ ሆነ፥ ዜማው ተሰብሮ እንደ ሆነ መምህሩ እዚያው ያርመዋል። ሥራው ከቶ የማይረባ ከሆነም ጥሎት በማግሥቱ አዲስ ይዞ እንዲመጣ ይመልሰዋል። ተማሪ የበዛ እንደ ሆነ በትምህርቱ የገፋው አስነጋሪ ሆኖ የጀማሪዎቹን ይሰማል፤ የከበደው ነገር ብቻ ወደ መምህሩ ይቀርባል። ከሁሉ በላይ ቅኔ አይደገምም፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ እንደ ራሱ አድርጎ የሚናገር ተማሪ በጉባኤው መካከል ያፍራል።

አንባቢ ሆይ፥ እስቲ ይህን ሥርዓት ከዛሬው ጋር እናስተያየው። በቅኔ ቤት ተማሪው የራሱን አዲስ ነገር እንዲያመጣ ይገደዳል፤ ያመጣው ነገር በዚያው ቀን ይታረማል፤ የገፋው የደከመውን ያግዛል፤ የሌላውን ሥራ መስረቅ ወዲያው ይታወቃል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ገንዘብ ወይም መሣሪያ አልነበረም፤ የሚያስፈልገው የመምህሩ ጆሮና የተወሰነ ሰዓት ብቻ ነበር።

ደቡብ ጎንደር ደግሞ ሌላ ጥበብ አላት፤ እርሱም የምስክር ሥርዓት ነው። ድጓን በሌላ ስፍራ የተማረ ሰው በጋይንት በኩል ወደ ምትገኘው ወደ ቤተልሔም ሄዶ ዕውቀቱን ካላስመሰከረ ሙሉ የድጓ መምህር ሆኖ አይቆጠርም። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረም ምስክሩ ዙር አምባ ነው። ይህም ማለት ያስተማረው መምህር ብቻውን አያስመርቅም፤ በሩቅ ያለ፥ ተማሪውን የማያውቅና የማያዳላ ሌላ ሊቅ መርምሮ ይፈርዳል ማለት ነው። ዛሬ ከውጭ የሚመጣ ፈታኝ የምንለውን፥ የጋይንት ደጋ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል።

የወራሽንም ነገር ካነሣን፥ የታዬ የአገር ልጅ የሆኑት የፎገራው ናበጋ ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና ምሳሌ ይሆኑናል። ሕዝብ በቀልዳቸው ብቻ ቢያውቃቸውም፥ አለቃ ገብረ ሐና አዲስ የአቋቋም ስልት ያወጡ ሊቅ ነበሩ። ያን ስልት ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌም በደብረ ታቦር ተቀምጦ ለብዙ ተማሪ አስተላለፈው። ስለዚህ የተክሌ አቋቋም ወይም የደብረ ታቦር አቋቋም እየተባለ እስከ ዛሬ ይኖራል። አንድ ሰው ያሰበው ነገር በሁለተኛው ሰው ጸንቶ፥ በሦስተኛው ትውልድ የአገር ሀብት ሆነ። ስሙም በአባትየው ሳይሆን በተማሪው መጠራቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ታዬ የአገር ቤቱን ትምህርት ከጨረሱ በኋላ በምንኩሉ አስተማሪ ሆኑ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1889 መጽሐፈ ሰዋስው የተባለውን የግእዝ ሰዋስው መጽሐፋቸውን በዚያው በምንኩሉ አሳተሙ። በቃልና በብራና ሲተላለፍ የኖረውን የሰዋስው ትምህርት በማተሚያ መሣሪያ አውጥቶ ለማንም አንባቢ ማድረስ በዚያ ጊዜ ትልቅ እመርታ ነበር። በዚሁ ማተሚያ ቤት ዙሪያ ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በኦሮምኛ ቋንቋ ይሠሩ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ያወጡት የኦሮምኛ ማንበቢያ የሁለቱንም ድካም የያዘ ሲሆን፥ በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም ከዚያው ጥረት የመጣ ነው። ተባብሮ የሚሠራ የሊቃውንት ማኅበር ባለበት ስፍራ ሥራ እንዴት ቶሎ ከዳር እንደሚደርስ ከዚህ ይታያል።

ታዬ የሚሲዮን ተማሪ በመሆናቸው ከካህናት ወገን ክስ ሳይደርስባቸው አልቀረም። ዐፄ ምኒልክ ግን ዕውቀታቸውን ተመልክተው ጥበቃ አደረጉላቸው። በ1897 ዓ.ም. የጀርመን መንግሥት መልእክተኛ የሆነው ፍሪድሪኽ ሮዘን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የንግድ ውል ከተዋዋለ በኋላ፥ በበርሊን ግእዝና አማርኛ የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ ሊቅ ሲፈለግ ንጉሠ ነገሥቱ አለቃ ታዬን ላኩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1905 እስከ 1908 ድረስ በበርሊን የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አስተማሩ። የይፋጉ ሙት ልጅ በአውሮፓ ከፍተኛ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኖ ቆመ ማለት ነው።

ይህ ትምህርት ቤት በ1887 የተቋቋመ ሲሆን፥ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ለሚሄዱ የመንግሥት ሠራተኞች፥ ነጋዴዎችና ሌሎችም ቋንቋ ያስተምር ነበር። ልማዱም አንዱን ቋንቋ ጀርመናዊው ምሁርና የቋንቋው ባለቤት የሆነው ሰው በአንድነት እንዲያስተምሩት ነበር። ከአለቃ ታዬ ጋር የሚሠራው ኦይገን ሚትቮኽ የተባለው ምሁር ሲሆን፥ በዕድሜ ከእርሳቸው በአሥራ አምስት ዓመት ያህል ያንስ ነበር። በበርሊን ቤተ መጻሕፍት አውጉስት ዲልማን በ1878 ዝርዝራቸውን ያሳተመላቸው የኢትዮጵያ ብራናዎች ነበሩ። የአገራቸውን ታሪክ ለሚፈልጉት ለአለቃ ታዬ ከዚህ የበለጠ ዕድል አይገኝም ነበር።

ሆኖም በዚያ ዘመን በአውሮፓ የነበረው ልማድ አንድ ጉድለት ነበረበት። ዕውቀቱን የሚናገረው ከአፍሪካ የመጣው ሊቅ ሆኖ ሳለ፥ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የአውሮፓዊው ምሁር ስም ነበር፤ የሊቁ ስም በመቅድሙ ውስጥ በምስጋና ከተነሣ እንደ ትልቅ ነገር ይቆጠር ነበር። ከዚያ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ግን አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ወደ ጀርመን አገር፥ ወደ ጎታ ሲሄዱ፥ ኢዮብ ሉዶልፍ ከእርሳቸው የተማረውን አልደበቀም፤ ስማቸውን እያነሣ በመጻሕፍቱ መስክሮላቸዋል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ጥናት በአውሮፓ ሲነገር የአባ ጎርጎርዮስ ስም ከሉዶልፍ ስም አይለይም። የሌላውን ድካም በስሙ መጥራት ከመምህር የሚጠበቅ የመጀመሪያው ሐቀኝነት ነው፤ ሉዶልፍ ይህን ስላደረገ ክብሩ አልቀነሰበትም።

አለቃ ታዬ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከዐፄ ምኒልክ የተሰጣቸው አደራ የኢትዮጵያን ታሪክ መጻፍ ነበር። ይህ አደራ ክብር ነው፤ ነገር ግን ምን ያህል ሰፊ እንደ ሆነ እንመልከት። የአንድ ትልቅ አገርን የብዙ ሺህ ዓመት ታሪክ፥ የሕዝቡን አመጣጥና የነገሥታቱን ዘመን አንድ ሰው ብቻውን እንዲጽፍ መታዘዙ ነው። ርእሱን የሚያጠብለት፥ ምዕራፍ ምዕራፉን እያነበበ የሚጠይቀው፥ ተተኪ ተማሪ የሚያቀርብለት አካል አልነበረም። የነበረው አንድ ደጋፊ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ነበሩ።

እርሳቸውም በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ በጽኑ ሕመም ተያዙ። ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱ በአልጋ ወራሽነት ነገር ተጠመደ፤ በ1906 ዓ.ም. ምኒልክ ዐረፉ፤ በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱና የሰገሌ ጦርነት ሆነ። በዚህ ሁሉ ሁከት ስለ ታሪክ መጽሐፍ የሚያስብ ማን ነበር? አለቃ ታዬማ ጠባቂያቸው በታመሙ ጊዜ የድሮው የሃይማኖት ክስ እንደ ገና ተነሥቶባቸው ብዙ ተጨነቁ። አንድን ምርምር በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ብቻ ማንጠልጠል ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

በዚህ ሁሉ መካከል አለቃ ታዬ ብዕራቸውን አልጣሉም። በ1914 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸው በአሥመራ፥ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ቤት ታተመ። መጽሐፉ በነገሥታት ዜና ብቻ ሳይወሰን ልዩ ልዩው የኢትዮጵያ ሕዝብ ከየት እንደ መጣ ለመናገር የሞከረ ስለ ሆነ፥ በአማርኛ ከተጻፉት የዚህ ዓይነት መጻሕፍት መካከል ከቀዳሚዎቹ የሚቆጠር ነው። ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ታትሟል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ደግሞ ግሮቨር ሐድሰንና ተከስተ ነጋሽ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመውት በስዊድን አገር፥ በኡፕሳላ ወጥቷል። አለቃ ታዬ መጽሐፋቸው በታተመ በሁለት ዓመቱ፥ በ1916 ዓ.ም. ዐረፉ።

ይህ መጽሐፍ ጥቅሙ ብዙ ቢሆንም አንድ ድካም አለበት። በቃል የሚነገረው አፈ ታሪክና በጽሑፍ የተገኘው ማስረጃ ተቀላቅለው ስለ ገቡበት፥ የኋላ ዘመን የታሪክ ሊቃውንት ስለ ሕዝቦች አመጣጥ የሚናገረውን ክፍል በጥንቃቄ ነው የሚያነቡት። እኛ ይህን የምንለው ሊቁን ለመንቀፍ አይደለም። አንድ ሰው ለብቻው ሲጽፍ የራሱን ጽሑፍ እንደ ባዕድ ማንበብ ይቸግረዋል። ይህን ከየት አገኘኸው፥ ያኛውስ ማስረጃ ከዚህኛው በምን ይበልጣል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገዋል። በቅኔ ቤት ማታ ማታ የሚጠይቃቸው መምህር ነበራቸው፤ በታላቁ ሥራቸው ጊዜ ግን ያን መሰል ጠያቂ አላገኙም። አለቃ ታዬ ከታተመው የሰፋ ታሪክ ጽፈው እንደ ነበርና ሳይታተም እንደ ቀረም ይነገራል።

አሁን የእርሳቸውን ዕጣ ከሌላ ታሪክ ጋር እናነጻጽር። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የተባሉት ሊቅ የግእዝ መዝገበ ቃላት ጀምረው ነበር። ሥራው ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ መሆኑን ስለ ተረዱ፥ ለተማሪያቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ሰጡ። አለቃ ኪዳነ ወልድ በኢየሩሳሌምና በኋላም በአገር ቤት ሆነው በብዙ ዓመት ድካም አስፋፉት፤ እርሳቸውም በበኩላቸው ሳይታተም ሊሞቱ እንደሚችሉ ስላወቁ ለተማሪያቸው ለደስታ ተክለ ወልድ አወረሱት። አለቃ ኪዳነ ወልድ በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ደስታ ተክለ ወልድ ግን አደራቸውን ሳይረሱ በ1948 ዓ.ም. መጽሐፉን በመምህራቸው ስም አሳተሙት። ከዚያ ቀጥለው በ1962 ዓ.ም. የራሳቸውን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት አወጡ።

በእነዚህ ሦስት ሰዎችና በአለቃ ታዬ መካከል ያለው ልዩነት የዕውቀት ልዩነት አይደለም። በአንደኛው ወገን ሥራው ከመምህር ወደ ተማሪ በአደራ ተላለፈ፤ በሌላው ወገን ሥራው ከንጉሥ ወደ ሊቅ በትእዛዝ መጣና እዚያው ቆመ። ትእዛዝ የሰጪውን ዕድሜ ያህል ይኖራል፤ አደራ ግን ከሰጪውም ከተቀባዩም ያልፋል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። በአገራችን የዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተጀመረ። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በኋላም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በዚያ የታሪክ ክፍል የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የየትውልድ አገራቸውን ታሪክ ከሽማግሌ ቃልና ከሰነድ እየሰበሰቡ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጽፉ ነበር። ከእነዚያ የተማሪ ጽሑፎች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በታላላቅ የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ በማስረጃነት ይጠቀሳሉ። የተማሪ ሥራ ነው ተብሎ ከመደርደሪያ የሚጣል ነገር እንዳልነበረ ይህ ብቻውን ያሳያል። መምህራኑ ተማሪው የሚያውቀውን አገር እንዲያጠና መርተውታል፤ ጽሑፉም በቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ አድርገዋል።

ዛሬ ከፍተኛ ትምህርት ቤት በየክፍለ ሀገሩ ተስፋፍቷል፤ በ2000ዎቹ ዓመታት ደብረ ታቦርም የራሷ ዩኒቨርሲቲ ኖሯታል። ይህ ለአገራችን ትልቅ ደስታ ነው። ሆኖም ከየትም ከየትም ካሉ ጓደኞቻችን ስንሰማ የምናገኘው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው። አማካሪውን ርእስ ሲጸድቅና ፊርማ ሲፈረም ብቻ ያየ ተማሪ አለ። ረቂቁን አስገብቶ ሳምንታት ከቆየ በኋላ አስተካክል የሚል አንድ ቃል ብቻ ተጽፎበት የተመለሰለት አለ። አማካሪው ለትምህርት ወደ ሌላ አገር ስለ ሄደ በዓመቱ አጋማሽ ሥራውን ከሥር የጀመረም አለ።

ፍርዳችን ግን ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ እንዳይሆን የመምህራኑንም ችግር እንናገር። አንድ መምህር ሙሉ የማስተማር ሥራ ይዞ ብዙ ተማሪ እንዲያማክር ሲታዘዝ ሰዓቱ ከየት ይመጣል? ተማሪውስ ቢሆን መቼ ንጹሕ ሆነ? ዓመቱን ሙሉ ጠፍቶ በመጨረሻው ሳምንት የሚመጣ፥ የሌላውን ጽሑፍ ገልብጦ ስሙን የሚለጥፍ፥ አልፎ ተርፎም ጽሑፍ በገንዘብ የሚያስጽፍ በመካከላችን አለ። ቅኔ አይደገምም የሚለውን የአባቶቻችንን ሕግ የረሳ ተማሪ መምህሩን ለመውቀስ አፉን ሊሞላ አይችልም።

መፍትሔውን ለማግኘት ከይፋግና ከጋይንት አልፎ መሄድ የሚያስፈልግ አይመስለንም። የቅኔ ቤት ማታ የማይታጠፍ ሰዓት ነበር፤ እያንዳንዱ አማካሪም በሳምንት አንድ የማይታጠፍ ሰዓት ይኑረው፤ ተማሪው በዚያ ሰዓት የሠራውን በቃሉም በጽሑፉም ያስረዳ፤ የተነገረው እርማት በአንድ ደብተር ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት። መምህሩ ሥራ የበዛበት እንደ ሆነ እንደ አስነጋሪው ሁሉ የከፍተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የጀማሪዎቹን ረቂቅ አስቀድመው ያንብቡ፤ ለዚህ ድካማቸውም ዋጋ ይሰጣቸው። ቤተልሔምና ዙር አምባ ያስተማሩትን የምስክር ሥርዓት ተከትለን፥ ጥቂት ጽሑፎች እንኳ በየዓመቱ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ እየተላኩ ይመርመሩ።

ስለ አደራም አንድ ሐሳብ አለን። ዛሬ በአንድ ክፍል አሥር ተማሪዎች አሥር የተለያዩ ርእሶች ይይዛሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡትም ሌላ አሥር ይጀምራሉ፤ አንዱም ከአንዱ አይቀጠልም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና ተራራ በአጠገባችን አለ፤ ከእርሱ የሚወርዱት ርብና ጉማራ ስንት አፈር ይዘው ወደ ጣና እንደሚገቡ በየዓመቱ አንድ ተማሪ ቢለካና ደብተሩን ለተከታዩ ቢያስረክብ፥ በአሥር ዓመት ማንም ብቻውን ሊሠራው የማይችል ጥናት ይገኛል። የጋፋት ምድጃ ፍርስራሽ፥ የይፋግ ገበያ ታሪክ፥ የተክሌ አቋቋም ዜማ፥ የፋርጣ ድንችና ገብስ፥ እነዚህ ሁሉ ወራሽ የሚጠባበቁ ርእሶች ናቸው። አማካሪው ቢሄድ ሥራው ከክፍሉ ጋር ይኑር፤ ጽሑፉ ሲታተምም ማስረጃውን የሰበሰበው ተማሪ ስም ከመምህሩ ስም ጋር ይውጣ።

አለቃ ታዬ ከዐረፉ መቶ ዓመት አልፏል። እርሳቸው ከይፋግ ተነሥተው ምንኩሉ፥ ከምንኩሉ በርሊን የደረሱት በራሳቸው ብርታት ነው፤ ሥራቸው በሙሉ ለእኛ ያልደረሰው ግን በእርሳቸው ስንፍና አይደለም። ዕዳው ያለው እንደ እርሳቸው ያለውን ሰው ሥርዓት አበጅቶ ሊከታተል በሚገባው ወገን ላይ ነው። ዛሬ ያ ወገን ዩኒቨርሲቲ ይባላል። በውስጡ ያለነው መምህራንና ተማሪዎችም ዕዳውን እኩል እንካፈላለን፤ መምህሩ ሰዓቱን፥ ተማሪው ሐቀኝነቱን ይክፈል። ከይፋግ፥ ከእስቴ፥ ከስማዳ ወይም ከጋይንት ተነሥቶ በዚህ ዓመት የመጣው አዲስ ተማሪ ማን እንደሚሆን ገና አናውቅም። ደብተሩን ተቀብሎ የሚያነብለት ሰው እንዲያገኝ ማድረግ ግን በእጃችን ነው።